ኳስ ነውር የሆነባት ውሻ

ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር የምሠራበት ቤት ግቢው ሰፊ ነበር። አሠሪዬ ውሻ የምትወድ ፈረንጅ ናት፤ ዓርብ ዓርብ ፀሐይ ሳይበረታ ጓደኞቿ ከነውሾቻቸው ይመጡና ፍላይቦል የሚሉትን ጨዋታ ይጫወታሉ። ውሻው ከመስመሩ ይለቀቅና አራት አጫጭር መሰናክሎች ይዘላል። ጫፍ ላይ ያለውን ባለሞላ ሳጥን በእግሩ ሲመታው የቴኒስ ኳስ ተስፈንጥሮ ይወጣል፤ እሱን በአፉ ቀልቦ መሰናክሎቹን እየዘለለ ይመለሳል። ከዚያ ሌላው ይለቀቃል። አንድ ቡድን አራት ውሻ ነው።

ልጄ ዓርብ ትምህርት ስለሌላት አብራኝ ትመጣና ጥግ ተቀምጣ ታይ ነበር። ያኔ ዐሥር ዓመቷ ነው። ካርቱም የተወለደች፣ ከአማርኛው ዐረብኛው የሚቀናት ልጅ ናት፤ ግን በየትኛውም ቋንቋ ከሰው ጋር ብዙ አታወራም። ወሬዋ ሁሉ ጀብራ ሰፈራችን ውስጥ ከቦይ ዳር አንሥታ ካሳደገቻት ቡናማ ውሻ ጋር ነው።

ከአራቱ ውሾች የአንዱ ባለቤት አገሩ ሲገባ ቦታው ክፍት ሆነ። አሠሪዬ ወደ ልጄ ዞር ብላ፣ «ያንቺን አምጫትና እንያት» አለቻት። ልጄ እኔን አየችኝ። አንድ ነገር ያን ያህል ስትፈልግ አይቻት አላውቅም ነበር።

በሚቀጥለው ዓርብ ሪክሻ በሚሉት ባጃጅ ወሰድናት። መሰናክሉን እንደ ሚዳቋ ዘለለችው። ሳጥኑንም መታች። ኳሱ ሲወጣ ግን ፊቷን አዞረችና ቁጭ አለች። ደገሙላት፤ ያው ነው። ኳሱ በአፍንጫዋ ሥር ሲያልፍ እሷ ሰማይ ሰማይ ታያለች።

«ሐበሺያ፣ ውሻሽም ትጾማለች እንዴ?» አለኝ የበሩ ዘበኛ።

«ዓርብ እኮ ነው፤ ምን ታድርግ» አልኩት። ሁሉም ሳቀ። ልጄ ብቻ አልሳቀችም። አሠሪዬ በሚመጣው ሳምንት ሌላ ሰው ውሻውን እንደሚያመጣ፣ የእኛዋ እስከዚያ ኳስ መያዝ ከቻለች ቦታው የእሷ እንደሚሆን ነገረቻት።

እኔ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። የምንኖረው ሀጃ ከምንላቸው አከራያችን ሆሽ፣ በአጥር ግቢያቸው ውስጥ፣ በአንዲት ክፍል ነው። የሚታጠቡበት ማንቆርቆሪያ፣ ኢብሪቁ፣ የሰዉ ሁሉ ጫማ፣ የልጅ ልጆቻቸው ኳስ፣ ሁሉም እዚያው ግቢው መሐል ነው። ለሶላት የሚታጠቡ ሰው፣ በግቢያቸው የክርስቲያን ውሻ መፍቀዳቸው ቸርነት ነው። ስለዚህ ገና ቡችላ ሳለች፣ ከሳሕኗ ሌላ ወደ ማንኛውም ነገር አፏን ስትከፍት «ነውር!» እያልኩ አሳደግኳት። ገባት። ጫማ ካየች ዞራ ታልፋለች። ኳስ ወደ እሷ ከተንከባለለ ለትልቅ ሰው ቦታ እንደሚለቅ ሰው ተነሥታ ትሄዳለች።

ስንመለስ ሪክሻው ውስጥ ልጄ ውሻዋን አቅፋ ተቀመጠች። «ወላሂ እማ፣ ፈርታ አይደለም» አለችኝ።

«ወላሂ አትበይ።»

«እሺ። ግን አልፈራችም። አንቺን እያየች ነው። አንቺ ያዢ ካልሻት ትይዛለች።»

እኔ የፈራሁት ሌላ ነው። ያዢ ብያት በኋላ የሀጃን የልጅ ልጆች ኳስ ብትይዝስ? ውሻዋን ከግቢው አውጡ ቢሉንስ?

ማታ ሀጃ ዘንድ ሄድኩና እንዳለ ነገርኳቸው። በገመድ አልጋቸው ላይ ሆነው ቶባቸው ከራሳቸው እስኪንሸራተት ሳቁ።

«ለውሻ በሳጥን ኳስ ያቀብሏታል? እኔ ይህን ሁሉ ልጅ ወልጄ ውሃ የሚያቀብለኝ አጣሁ!»

«ሀጃ፣ ከለመደች የልጆቹንም ኳስ ትይዛለች ብዬ ነው።»

«የልጆቹ ኳስ ያልገባበት ቦይ አለ እንዴ? በአፏ ከነካችው ይታጠባል። ኢብሪቄን ብቻ እንዳታስነኪብኝ።» ከዚያ በሩ ላይ ወደቆመችው ልጄ ዞሩ። «አንቺ ዝምተኛዋ፣ ምን ቆመሽ ታያለሽ? ያላ፣ ኳሱን አምጪ!»

ልጄ ያመጣችውን ትንሽ ኳስ በእጄ ይዤ ውሻዋን «ያዢ» አልኳት። ውሻዋ ኳሱን ሳይሆን ዓይኔን አየች። ደግሜ አልኳት፤ ራሷን አዞረች። እስከዚያ ቀን አፏን ነክቼ አላውቅም ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን የምሳለምበት እጅ ነው ብዬ ምግቧን እንኳ ከሩቅ ነበር የማስቀምጥላት። ቁጭ አልኩና መንጋጋዋን በጣቶቼ ከፍቼ ኳሱን አስገባሁላት። ምላሷ ሞቃት ነበር። ተንቀጠቀጠች፤ ኳሱን ጣለችና አየችኝ። ራሷን ደባብሼ፣ «አይዞሽ፣ ነውር አይደለም» አልኳት።

በየምሽቱ ከሥራ ስመለስ እንዲሁ አደረግን። በመጀመሪያ ከእጄ ወሰደች፤ ከዚያ ከመሬት፤ በመጨረሻ ከአየር። ልጄ ከሆሹ አንድ ጫፍ፣ እኔ ከሌላው፣ ውሻዋ መሐላችን። ከልጄ ጋር እንደዚያ የተጫወትኩበት ሌላ ጊዜ ትዝ አይለኝም። እግዚአብሔር ያን ሳምንት ስለሰጠኝ አሁንም አመሰግነዋለሁ።

ዓርብ ደረሰ። ሌላው ውሻ ኳሱን ቀልቦ በቀጥታ አበባው ውስጥ ገባና አልመለስም አለ። የእኛዋ ተራ ሲሆን አሠሪዬ ጠራችኝ። ሳጥኑን ኳስ የሚያጎርስ ሰው ከኋላው መቆም ይፈቀድለታል፤ አንቺ ቁሚ አለችኝ። ነጠላዬን አጥሩ ላይ ሰቅዬ ቆምኩ።

ልጄ ከመስመሩ ለቀቀቻት። ዘለለች፤ ሳጥኑን መታች፤ ኳሱን ቀለበች። ቀልባም ኳሱ አፏ ውስጥ እንዳለ ቀጥ ብላ አየችኝ።

«ውሰጂላት!» አልኳት።

ዞረች። ልጄ ከወዲያ ማዶ «ተዓሊ! ነይ! ተዓሊ!» እያለች በሁለቱም ቋንቋ ትጮኻለች። ዘበኛው በሩን ትቶ መጣ። «ማን ነው የሚጮኸው? ያቺ ልጅ ናት? ድምፅ የላትም ብዬ ነበር እኮ!» ውሻዋ የመጨረሻውን መሰናክል ዘላ የልጄ ደረት ላይ ወደቀች፤ ሁለቱም ሣሩ ላይ ተንከባለሉ። አሠሪዬ እያጨበጨበች፣ «አራተኛችን እሷ ናት» አለች።

በኋላ በግቢው ቧንቧ በሳሙና እጄን ስታጠብ ልጄ አጠገቤ ቆመች። ገና ታለከልካለች።

«እማ፣ ለኳስም ተመስገን ይባላል?»

«ይባላል» አልኳት።

ራሷን ዝቅ አድርጋ «ተመስገን» አለች። እኔም አልኩ።