ልጄ የሠራችው የሚያስፈራ ፊልም

ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጄ አጭር ፊልም ሠርታ አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ በላፕቶፕ አሳየችኝ። ደምም ጭራቅም የለበትም። አንዲት እናት የልጇ በር ላይ ቆማ ታዳምጣለች፤ ልጅቱም የእናቷን ትንፋሽ እየሰማች ቀስ በቀስ አእምሮዋ ይታወካል። በዚያ ብቻ ላብ በላብ ሆንኩ።

«እማዬ፣ ምኑ ጥሩ ነው? ምኑስ ይጎድለዋል? እውነቱን ንገሪኝ» አለችኝ።

እኔ ግን የጠበሉን ጠርሙስ አምጥቼ ረጨሁባት። «ይኼን በልብሽ ያሳደረ መንፈስ ይውጣልሽ!»

«ኧረ እማዬ፣ ላፕቶፑ!» ብላ ሳቀች።

ከነገ ጀምሮ ሰባት ቀን ትጠመቂያለሽ ስላት ግን ሳቋ ጠፋ። እምቢ ሳትል ሰባቱንም ቀን በዚያ ውርጭ ተጠመቀች።

የፊልሙ ጥሩ ነገር ዝምታው ነበር። ያቺ እናት እኔ መሆኔንም ወዲያው አውቄያለሁ። የጎደለው ደግሞ እናትየዋ ምን ፈርታ እዚያ እንደምትቆም አለመታየቱ ነው። እሱን እኔ ልነግራት እችል ነበር፤ ጠይቃኝም ነበር።

በቀደም ሌላ ፊልም መጨረሷን ከጓደኛዋ ሰምቼ «ለእኔስ አታሳዪኝም?» አልኳት።

«አንቺ ትፈሪያለሽ እኮ፣ እማዬ» አለችኝ፣ ሳትቆጣ።