እንቁራሪቷን ይዤ ቡሬ ደርሼ የተመለስሁባት ዓርብ

በ1991 ዓ.ም. የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው ነበርሁ። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነውና ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ። መንገዱን ግን እንደሆነው ነው የምጽፈው።

የሄድሁበት ምክንያት ይኸ ነው። ታላቅ ወንድሜ ይስማው ሲሞት መኪናውን ለእኔ ተናዘዘ። እንግሊዝ ሠራሽ ናት፤ ወንድሜ ድሮ በሾፌርነት ያገለገለው ፈረንጅ አገሩ ሲገባ የተወለት ናት። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች። ጣሪያዋ ሸራ፣ መሪዋ በቀኝ፣ ቀለሟ አረንጓዴ ነው። ከመሬት ስለማትርቅ የፍኖተ ሰላም ሰው «እንቁራሪት» ይላታል።

የወንድሜ ልጅ ደሳለኝ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ አርባ ዓመት አልፎታል። ኑዛዜውን አልወደደም። ከአዲስ አበባ ገዥ አግኝቶላት ነበር፤ በዋጋዋ ቤት ሊሠራ አስቧል። ሽማግሌ ተቀመጠ።

«ትራክተር የነዳ ሁሉ ይህችን አይችላትም» አለ ደሳለኝ፣ ትራክተር ነጂ እንደነበርሁ ያውቃልና።

እኔም እልኸኛ ነኝ። «ቡሬ ወስጄ እመልሳታለሁ» አልሁ።

ሽማግሎቹ ቆረጡ። በራሷ ሄዳ በራሷ ከተመለሰች የእኔ፤ በገመድ ተጎትታ ከመጣች የደሳለኝ። ለምስክርነት አብሮኝ እንዲሄድ፣ ገመዱንም እሱ እንዲይዝ ተባለ።

ሁለት ወር ሙሉ ለብቻዬ ተማርኋት። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትቶ መጥረግ፣ የሞተር ዘይት መለካት፣ ፍሬን ማጥበቅ። ማንንም አልጠየቅሁም።

ዓርብ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት

ከመነሣቴ በፊት ጠበል ወርጄ በጄሪካን ቀዳሁና ራዲያተሯን በእሱ ሞላሁት። ለወንድሜ መኪና በረከት ይሁናት ብዬ ነው። ደሳለኝ ገመዱን ጠምጥሞ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ጎረቤት ወጥቶ ይስቃል።

«አያ ጎበዜ፣ እንቁራሪቷ በኅዳር ፀሐይ የት ልትዘል ነው?» አለችኝ ጠላ ሻጯ።

«ዝም በይ፤ አንችን ብጭን ኑሮ እስከ ድልድዩም አትደርስ» አልኋት።

መንገዱ ጠጠር ነው። ድንጋይ ሆዷን በመታት ቁጥር ፍጥነት እቀንሳለሁ። የባሰው ግን መሪው ነው። በቀኝ ስለተቀመጥሁ፣ የጭነት መኪና ከፊቴ ሲሆን ከማዶ የሚመጣውን አላይም። የማየው በደሳለኝ ዓይን ነው።

«ልለፍ?»

«ይቆዩ! አውቶቡስ መጣ!»

አውቶቡሱ አቧራ አልብሶን አለፈ።

«አሁንስ?»

አንገቱን አውጥቶ አየ። መኪናዋ ብትቀር የሚያተርፈውን ሰው ነው መንገድ የምጠይቀው።

«ይለፉ» አለ በመጨረሻ። አለፍሁ።

ማንኩሳን ስናልፍ በየደጁ በርበሬ ተሰጥቶ መሬቱ ቀልቷል። እኔ ግን የማየው የሙቀቱን መርፌ ነበር። ወደ ላይ ወደ ላይ ይላል። ቡሬ ስንገባ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይወጣል። ደሳለኝ ገመዱን ዳበስ ዳበስ አደረገ።

ቡሬ፣ ሦስት ሰዓት

መካኒኩ ጎልማሳ ነው፣ ሙሉዓለም ይባላል። እስክትበርድ ጠበቀና ውኃውን ሊያፈስ ጎንበስ ሲል እጁን ያዝሁት።

«መሬት ላይ አይፈስም!»

«ለምን አባቴ?»

«ጠበል ነው።»

መፍቻውን አስቀምጦ ቆቡን አወለቀ። ከጎን ጎማ የሚለጥፈው ሰውዬ ግን፣ «ምን ይዟት ነው? ስትጠመቅ ጮኸች?» አለና ጋራዡ ሁሉ ሳቀ።

ሰው የማይረግጠው ውኃ ነውና ዘይት ያልነካው ባልዲ ስንፈልግ አንድ ሰዓት ሄደ። ሲወርድ ደለል ይዞ ወረደ፤ ከባልዲው ሥር ሁለት ጣት ያህል ተኛ።

«ጠበሉ አልጎዳትም» አለኝ ሙሉዓለም። «ከነደለሉ የቀዱት እርስዎ ነዎት። ምነው በነጠላ እንኳ ቢያጠሩት?»

ራዲያተሯን ሦስት ጊዜ አጠበልኝና ንጹሕ ውኃ ሞላን። ጠበሉን ተሸክሜ ሄጄ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ፣ ከዛፍ ሥር አፈሰስሁት። ከዚያ በሁለት ብር ሽሮ በላን።

መልስ፣ ዘጠኝ ሰዓት

መርፌው ተኝቷል፤ ደስ ብሎኛል። ከማንኩሳ ወዲህ ዳገት ላይ ከብት ሲያቋርጥ ቆምሁ። ስነሣ፣ ቤንዚን ስረግጥ አሳላትና ጠፋች። አስነሣኋት፤ ረገጥሁ፤ አሳላት፤ ጠፋች። ካንዴላዎቹን ፈታሁ፤ ንጹሕ ናቸው። ቤንዚን አለ። የማውቀው አለቀ።

አንድ የጭነት መኪና አጠገባችን ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አወጣ።

«አባባ፣ ገመድ ካላችሁ እስከ ፍኖተ ሰላም ልጎትታችሁ!»

እኔ ፊቴን ወደ ማሳው አዞርሁ። ደሳለኝን አልለምነውም አልሁ በሆዴ።

«ሂድ ወንድሜ፣ ገመድ የለንም» አለው ደሳለኝ።

ገመዱ ጭኑ ላይ ነው። ሾፌሩ ገመዱን አይቶ፣ እኛን አይቶ፣ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ።

ደሳለኝ ወረደ፤ ኮፈኑን ከፈተ። ቤንዚንና አየር ከሚቀላቅለው ካርቡራተር አናት ላይ ያለችውን ትንሽ የነሐስ ክዳን በጣቱ ፈታት። ከሥሯ ቀጭን ዘንግ አላት፤ መዘዛት። ደርቃለች።

«ከዕቃ ሳጥኑ ቀጭኑን ዘይት ያቀብሉኝ።»

ማንኪያ የማይሞላ ጠብ አደረገባትና መልሶ አጠበቃት።

«ይህን ከየት አወቅህ?» አልሁት።

«አባቴ መኪናዋን አንድ ቀን አላስነካኝም» አለ፣ እጁን በሣር እየጠረገ። «ይህችን ዘይት ሲያጠጣት ግን ክዳኗን እኔ ነበርሁ የምይዝለት። እስኪጨርስ ጨብጬ እቆማለሁ።»

አስነሣኋት፤ ረገጥሁ፤ ዳገቱን ወጣች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ፍኖተ ሰላም በራሷ ገባች። ሽማግሎቹም አዩ። ሁለት ወር ሳልጠይቅ የተማርሁት፣ የአንዲት ክዳን ያህል እንዳልሆነ የገባኝ የዚያን ቀን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ቁልፉን ይዤ ደሳለኝ ቤት ሄድሁ። ከከተማው ወጣ ወዳለው ሜዳ ወስጄ እሱን በመሪው በኩል አስቀመጥሁት። እኔም ገመዱን ጭኔ ላይ አድርጌ በግራ ተቀመጥሁና «ንዳ» አልሁት።