ለትንኝ የተሰጠ እግር

ላሊበላ ፖሊስ ጣቢያ ሲያስገቡኝ ክፍሉ ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት ሰው ሳይሆን ትንኝ ነው። በሩ ከኋላዬ እንደተዘጋ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈችው ሄደ። የሙያ አመል ነው፤ የወባ መከላከል ሠራተኛ ነበርኩ። የወባዋ ትንኝ ስታርፍ ኋላዋን ወደ ላይ ትቀስራለች። ይቺኛዋ ግን ለጥ ብላ ተኝታለች። ግቢው ውስጥ ካለው ክዳን የለሽ በርሜል የተፈለፈለች ተራ ቢምቢ ናት።

ጥግ ላይ ጋቢ ለብሰው የተቀመጡ፣ ከሙጃ አገር የመጡ አንድ ገበሬ ነበሩ። ስብሰባ ላይ ስለ መሬት ጠይቀው ነው የታሰሩት።

"ልጄ፣ ይች ቢምቢ ወባ ታሲዘን ይሆን?" አሉኝ።

"አታሲዝም፣ አባቴ። እንቅልፍ መንሳት ብቻ ነው ሥራዋ።"

"ደማችንን ምን ታረግበታለች?"

"እንቁላሏን ታሳድግበታለች። የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ናት፤ ወንዱ የአበባ ወለላ ቀስሞ ያድራል።"

"እንደው ወንዱ ደግ ነዋ" ብለው ሳቁ። "አንተንስ በምን አመጡህ?"

"ተናግረሃል ብለው።"

"ማን ሰማህ?"

እሱን አላውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው አስጠራኝ። ዕድሜው ከኔ ያንሳል፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። "የወባ ርጭቱ የሚጀምረው ፓርቲውን ከመረጠ ቀበሌ ነው፣ ትንኟ ግን የአባልነት መታወቂያ አትጠይቅም። ብለሃል?"

ቃል በቃል የኔ ነው። የተናገርኩት አንድ ምሽት፣ ተከዜ አጠገብ ባለ ጎጆ ውስጥ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ቆላ ወርደን ለምርመራ ትንኝ የምንይዘው ሁለት ሆነን ነበር። አንዱ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ እንደ ማጥመጃ ይቀመጣል። ትንኟ ትንፋሹንና የእግሩን ሽታ ተከትላ ትመጣለች። ሌላው ባትሪና የመስታወት ቱቦ ይዞ ይጠብቃል፤ ገና እንዳረፈች፣ ሳትነክስ፣ በቱቦው ስቦ ሻሽ የተሸፈነ ኩባያ ውስጥ ይከታታል። ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። የኔን እግር የሚጠብቅልኝ ሚዜዬ ነበር፤ ሰርጌ ላይ ወንድም ልሆንህ ብሎ የማለው ሰው። እሱ ቱቦ ይዞ ወባ ታምሜ አላውቅም። ስለዚህ እንቅልፍ እንዳይጥለን የማወራውን አልመርጥም ነበር።

ከመታሰሬ ይልቅ ያ አመመኝ።

"እሱስ ምን አለ?" አለ መርማሪው። "ያለውን ንገረንና ዛሬውኑ ወደ ልጅህ ሂድ።"

በማግስቱ የልጄ ክርስትና ነበር። ክርስትና እንዲያነሳልኝ የለመንኩት ያንኑ ሚዜዬን ነው፤ መርማሪው ይህንንም ሳያውቅ አይቀርም። የፈለጉት በሱም ላይ መያዣ የሚሆን ቃል ነበር፤ ወሬ የሚያቀብላቸውን የገዛ ሰዋቸውንም ያለ ገመድ አይለቁትም።

ሚዜዬ ያን ምሽት ብሏል። ያውም ከኔ የባሰ፣ ስለ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን። ስንስቅ አንዷ ትንኝ አምልጣን ነበር። ቃሉ እንዳለ አፌ ላይ መጣ፤ ንዴቴ ንገር ንገር አለኝ። ልጄን ሳቅፈውም ታየኝ።

"እሱ ትንኝ ሲይዝ ነው የማውቀው" አልኩት። "ሌላ የሰማሁት የለም።"

ወደ ክፍሉ ስመለስ አዛውንቱ ፊቴን አዩት። "አወቅኸው?"

"ሚዜዬ ነው።"

"ሚዜህ?" አሉ። የጋቢያቸውን ጫፍ ወረወሩልኝ። "እግርህን ሸፍን፣ ልጄ።"

በማግስቱ ምሳ ያቀበለኝ ጠባቂ፣ ልጄ እንደተጠመቀ ነገረኝ። ያቀፈው ሚዜዬ ነው።

ከወራት በኋላ ተፈታሁ። ልጄ ያን ሰው እስከ ዛሬ የክርስትና አባቴ ይለዋል፤ ምንም አልነገርኩትም። እኔና ሚዜዬ ሰላምታ አናጓድልም፣ ከዚያ ግን አናልፍም። አምና ቆላ ውስጥ፣ ድሮ መንገድ ይመራን የነበረ ሰው ለቅሶ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። አመሻሹ ላይ አንዲት ትንኝ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ዐረፈች፤ ኋላዋን ቀስራለች። እሱም አያት። እንደ ድሮው እጁን ቀስ አድርጎ ዘረጋ።

እግሬን ሰበሰብኩ።

እጁን መለሰና "ያኔ ስለ እኔ ምን አልካቸው?" አለኝ በዝግታ። ይህን ሁሉ ዘመን ሲፈራ የኖረው ይህንን ነው።

"ምንም" አልኩት።

አላመነኝም። ያን ምሽት ተከዜ ዳር ያለውን እዚህም አልጻፍኩትም።