ጠረጴዛ ሥር ፈረስ የሆንሁ ዕለት

የልጅ ልጄ አራት ዓመቷ ነው። ዐምና በበጋ ነፋስ ከማዕድ ቤት ያነሣው እሳት የሣር ክዳን ቤታችንን ሲበላው፣ እናቷ አዝላ አወጣቻት። ሰው አልተጎዳም፤ ተመስገን። ልጅቷ ግን ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል ከአፏ አልወጣችም። ጠበል ወሰድናት፤ እንቅልፏ ተመለሰ፣ ንግግሯ ግን ቀረ። ኋላ የቀበሌያችን ጤና ሠራተኛ፣ እንጅባራ የተረበሹ ሕፃናትን የሚያክሙ እንዳሉ ስትነግረን፣ ይዣት የምመላለስ እኔ ሆንሁ። እርሻውን ለልጆቼ ከለቀቅሁ ወዲህ ሥራ ፈት ነኝ መቼም።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ክፍሏ ውስጥ መርፌ የለ፣ ኪኒን የለ፤ መጫወቻ ብቻ። ምንጣፍ ላይ አስቀመጠችኝ።

«አባባ፣ እዚህ አዛዧ ልጅቷ ናት። እርስዎም እኔም ታዛዦች ነን።»

«ቤትም እንዲሁ ነው» አልኋት። ሳቀች።

ልጅቷ ትንሽ የእንጨት ቤት ሳበች፤ የእንጨት ፈረስ አስገባችና ቀይ ጨርቅ ጣል አደረገችበት። እሳት መሆኑ ገባኝ። በእኛ አገር ልጅ ክፉ ነገር ሲጫወት ዝም አይባልም፤ ክፉውን ይጠራል እንላለን። «አታሟርቺ!» ብዬ ጨርቁን ብድግ አደረግሁት። ልጅቷ ግድግዳ ሥር ሄዳ ኩርምት አለች።

ሐኪሟ አልተቆጣችኝም። «ሟርት አይደለም አባባ። በአፏ ያቃታትን በእጇ እየነገረችን ነው። ይመልሱላት።»

መለስሁላት። በየሳምንቱ ቤቱ ይቃጠላል፤ እኔ በሆዴ አማትባለሁ።

አንድ ቀን ልጅቷ የእንጨቱን ፈረስ ተወችና እኔን በጋቢዬ ጎትታ ጠረጴዛ ሥር ከተተችኝ። ቀዩን ጨርቅ ከላይ አለበሰችኝ። ጉልበቴ አቃሰተ። «ልውጣ እንዴ?» ብል ሐኪሟ በእጇ «ይቆዩ» አለችኝ። ምን ላድርግ፤ እንደ ፈረስ አሽካካሁ።

ይኼኔ ልጅቷ ጨርቁን ገፍፋ ጣለችና «ውጣ! ቶሎ ውጣ!» ብላ በቤታችን ቋንቋ፣ በአዊኛ ጮኸች። ብድግ ስል ራሴን ከጠረጴዛው አላጋሁት። እልል ልል ነበር፤ ሐኪሟ በሹክሹክታ «ይጫወቱ፣ ይጫወቱ ብቻ» አለችኝ።

ልጅቷ ጀርባዬ ላይ ወጣች። ክፍሉን ዞርን፣ ደግመን ዞርን። ከዚያ ወረደችና አረንጓዴ ክር ጨብጣ አፌ ሥር አቀረበችው።

«ብላ፤ ሣር ነው።»

«ይህ ፈረስ አርጅቷል፤ ጥርስ የለውም።»

አፌን ከፍታ ወደ ውስጥ አየች።

«እንግዲያ እኔ አኝኬ ላጉርስህ» አለች።