ተቃዋሚ አይደለሁም

ስዊዞች የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚጽፉ፣ ጋሽ ኃይለመለኮት ወዳጄን የጄኔቭ ባለ ቢሮ ሁሉ «ሙሴ ወዳጄ»፣ አቶ ወዳጄ እንደ ማለት፣ ይላቸዋል። እሳቸው ግን በዚያች ከተማ ወዳጅ ብለው የሚያምኑት አንድም ነፍስ የለም። ሊኞን በሚባለው ሰፈር በሚኖሩበት ሕንፃ፣ አሳንሰሩ ውስጥ ሰው ካለ አይገቡም፤ ሰው ከሌለ ደግሞ «ምነው ባዶ ሆነ?» ብለው በደረጃ ይወጣሉ።

እኚህ ሰው ድሮ ክሬዲት ካርድ ነበራቸው። አንድ ቀን «ይሄ ነገር የት እንደምውል ይሰልላል» አሉና በመቀስ ከተፉት፤ ማንም ለቅሞ እንዳይገጥመው ስባሪውን በየሰፈሩ ቆሻሻ መጣያ በታተኑት። ለካርዱ ድርጅት ግን «ዝጉልኝ» ብለው አልጻፉም። መጻፍ መፈረምን ያመጣላ! ፊርማን ደግሞ ያውቋታል። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ፣ በመሥሪያ ቤታቸው አለቃ ላይ የተቃውሞ ደብዳቤ ፈርመው እስር ቤት ወረዱ፤ ደብዳቤውን አርቅቆ ሳይፈርም የቀረው ብልጥ ሹመት አገኘ።

ድርጅቱም በሞተ ካርድ ላይ ዓመታዊ ክፍያ፣ በክፍያው ላይ ወለድ፣ በወለዱ ላይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ዋጋ እየከመረ ኖረ። ከሬሳ ግብር መሰብሰብ ይሏል ይህ ነው። ጋሽ ኃይለመለኮት ፖስታዎቹን ሳይከፍቱ ይጥሏቸው ነበር።

በመጨረሻ ከዕዳ አስፈጻሚው ቢሮ የተላከ ሰው በራቸውን አንኳኳ። የክፍያ ትእዛዙን ዘረጋና፣

«ኦፖዚሲዮን?» አላቸው።

ተቃዋሚ ነዎት ወይ ያላቸው መሰላቸው።

«ዣሜ! በጭራሽ! ጡረተኛ ነኝ! ተቃዋሚ ሆኜ አላውቅም!»

ሰውየው ትከሻውን ሰብቆ ወረቀቱን ትቶላቸው ሄደ። ሲያነቡት የካርዱ ዕዳ ነው። ጥርጣሬያቸው ወዲያው አንድ ሰው ላይ አረፈ፤ ለትምህርት መጥታ እሳቸው ቤት የከረመችው የእህታቸው ልጅ እድላዊት ላይ። ቀናት ሲያብሰለስሉ ቆይተው፣ አሁን ወደምትኖርበት ዙሪክ፣ ዜባህ የሚባል ሰፈር ድረስ በባቡር ሄዱ።

«ስባሪውን ለቅመሽ የገጠምሽው አንቺ ነሽ?» አሏት፣ ገና ከደጃፉ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ እንዴት ዋልሽ ይባላል።» ወረቀቱን ተቀብላ አነበበች። «ካርዱን አዘግተውት ነበር?»

«በመቀስ!»

«ጉድ ፈላ! ውል እኮ በመቀስ አይፈርስም። ኦፖዚሲዮን ብለው መልሰዋል?»

«ማን ልኮሽ ነው?»

«ኧረ የፖለቲካ አይደለም! ዕዳውን አልቀበልም ማለት ነው። ምክንያት እንኳ አይጠየቁም፤ ማስረዳቱ የከሳሽ ፈንታ ይሆናል። በአሥር ቀን ውስጥ ዝም ካሉ ግን ከሥራ ጡረታዎ እየቆረጡ ይወስዳሉ። ቀኑ ደግሞ ነገ ያልቃል።»

ጋሽ ኃይለመለኮት አሰቡ። ጡረታቸውን ከነኩባቸው የቤት ኪራይ አይሞላም።

«እዚህ ዙሪክ ምን ይሉታል?»

«በጀርመንኛ ሬሽትስፎርሽላግ ነው የሚሉት።»

ፊታቸው ፈካ። በዚህ ቃል የታሰረ ሰው ሰምተው አያውቁም።

«እሱን እፈርማለሁ። እዚሁ።»

«ወረቀቱ የጄኔቭ ነው ጋሼ፤ ቃሉም የጄኔቭ ነው። አለዚያ እኔ ልጻፍልዎና ፈርመው በፖስታ እንላከው።»

«ፖስታውን መንገድ ላይ ማን እንደሚከፍተው ታውቂያለሽ?»

በማግስቱ ጄኔቭ፣ በዕዳ አስፈጻሚው ቢሮ መስኮት ወረቀቱን ሰጥተው ግራ ቀኙን ቃኙ፤ ወደ መስታወቱ ተጠግተውም ቃሏን በሹክሹክታ ተነፈሷት።

«አልሰማሁም፣ ሙሴ ወዳጄ» አለች ጸሐፊዋ።

«ኦፖዚሲዮን!» ብለው ጮኹ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ነበር፤ አንድም ዞሮ ያያቸው የለም። ፈረሙ። ጸሐፊዋ ማኅተሙን መታችና የሚቀጥለውን ባለ ጉዳይ ጠራች። ድርጅቱ ካሻው ከእንግዲህ ዳኛ ፊት ቆሞ ያስረዳ።

ደጅ ሲወጡ ስልካቸው ጮኸ፤ እድላዊት ናት።

«ፈረሙ፣ ጋሼ?»

«እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ይጠየቃል?» ብለው ጆሮዋ ላይ ዘጉባት።