እርፉ በአለሜ፣ ጅራፉ በአሰለች

አለሜ ስትወለድ አለሜ አልነበረችም። የክርስትና ስሟ አመተ ሥላሴ ነው፤ አለሜ ያሏት በሠርጓ ማግስት አማቷ እሜቴ አሰለች ናቸው። ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት የምትገባው አማት ባወጣችላት ስም ነው። አንድ ቃል እንዴት ሰፊ ነው፤ ቤቱ፣ እርሻው፣ በሬው ሁሉ ይገባበታል።

ባሏ ደሳለ በጦርነቱ በሞተ በዓመቱ ወንድሙ ፈንታው ክላሽ አንግቶ፣ የራሱን በሬዎች ጠምዶ፣ ከላሊበላ በታች ያለው እርሻዋ ላይ ገባ።

«ስም የሰጠሽ ቤት ፈርሷል። ወደ አባትሽ አገር ሂጂ።»

«ድንጋዩን ከደሳለ ጋር የለቀምኩት መሬት ነው» አለችና እርፉን ጨብጣ ቆመች።

በጅራፉ እጀታ መታት። አልለቀቀችም። ደገማት፤ ግራ ክንዷ እንደ ደረቅ ጭራሮ ተሰበረ። በቀኟ ማጭዷን ከመቀነቷ መዝዛ የቀንበሩን ጠፍር በጠሰችው። በሬዎቹ ደንብረው ሮጡ። ፈንታው ተኮሰባት፤ እሷን ሳተና የገዛ በሬውን አንገቱ ላይ አገኘው። ደሙ ትልሙን ሞልቶ ወረደ።

በማግስቱ ከመንደሩ ወይራ ሥር ሽማግሌ ተቀመጠ። ፈንታው ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ «ያወጣችውን ስም እናቴ ታንሳው፤ መሬቱም አብሮ ይነሳል» አለ።

አሰለች ከሽማግሌዎቹ መሃል ወደተቀመጡት ወደ መሪጌታ ኢያቄም ዞሩ።

«መሪጌታ፣ የንጉሥ ላሊበላ ባለቤት ማን ይባሉ ነበር?»

«ቅድስት መስቀል ክብራ።»

«አብረው ገዙ?»

«ስማቸው ከንጉሡ ስም ጋር ይነሳል። ዙፋኑን መካፈላቸውን ግን አላውቅም። ቤተ አባ ሊባኖስን ንጉሡ ካረፉ በኋላ እሳቸው አሳነጹት ይባላል።»

«ባላቸው ሲሞት ስማቸውን የቀማቸው አለ?»

«አልሰማሁም።»

«እንግዲያ እኔም ከአለሜ ስሟን አልቀማም።»

ፈንታው ብድግ ብሎ አቀባበለ። አፈሙዙ እናቱ ደረት ላይ ቆመ።

«ተኩስ እንጂ» አሉት። «ትናንት በሬህን፣ ዛሬ እናትህን። ኋላ ከማን ጋር ልታርስ ነው?»

አለሜ በደህና እጇ አፈሙዙን ወደ ላይ ገፋችው፤ ጥይቱ የወይራውን ቅርንጫፍ ጣለ። ሽማግሌዎቹ ተረባርበው ፈንታውን መሬት ላይ አነጠፉት። አንዱ በሰደፍ አፉን ሲለው ሁለት ጥርሱ ወለቀ። መሬቱ ለአለሜ ተፈረደ።

ዝናብ ሲጥል ግን ሰው ሁሉ ፈንታውን ስለፈራ የሚያርስላት ጠፋ። ሴት ማረሷ ነውር ነው። አለሜ የደሳለን በሬዎች ጠመደች። አንዱ ክንዷ በቀርከሃ ታስሯል፤ በሌላው እርፉን ያዘች። ለጅራፉ እጅ አልተረፋትም። አሰለች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው ጅራፉን አነሱ።

ደሙ የደረቀበት ትልም ላይ ሲደርሱ አለሜ ቆመች።

«እማ፣ ይቺን እንዝለላት?»

አሰለች ጅራፉን አጮኹት። «እረሺው። ደምም ፍግ ነው።»