ካሴቱ ላይ የገባው የስፌት መኪና

ተዋበችን «ዲግሪዋ» ነበር የምንላት። በታሪክ ትምህርት ተመርቃ፣ ሁለት ዓመት ሥራ ፍለጋ ጫማ ጨርሳ ነው እንደኛው ለቤት ሠራተኝነት ቤይሩት የመጣችው። ስንቀልድባት ትስቃለች እንጂ አትቀየምም። እኔም የምወዳት ለዚሁ ነው።

አባቷ አቶ ሞላልኝ ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ናቸው። አንድያ ልጃቸውን ያስተማሩት የስፌት መኪናቸውን እየረገጡ ነው። በልጅነቷ ልትነካው ስትል «እጅሽ ብዕር ይያዝ» እያሉ ያባርሯት ነበር። ቤይሩት ስትገባ እንግዲህ ቢሮ ተቀጠርኩ አለቻቸው። ምን ታድርግ?

ዓይን ኤል ረማነህ በሚባል ሰፈር፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ጥይት ከበሳሳው ፎቅ ላይ የምታሠራት ማዳም ኢቬት መጋረጃና ቀሚስ የምትሰፋ መበለት ናት። ዓይኗ ሲደክም ተዋበችን በመርፌ ክር አስገቢልኝ አለቻት፤ ቀጥሎ ጠርዝ እጠፊ፤ በመጨረሻ መኪናው ላይ አስቀመጠቻት። ተዋበች ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ የላትም። አገሬ ገብቼ የስፌት ሱቅ እከፍታለሁ ትላለች፤ ወዲያው ደግሞ «አባዬ ቢሰማ ልቡ ይሰበራል» ብላ ትተክዛለች።

እኔ ባዕብዳ ነው የምሠራው። አንድ እሑድ ፉርን ኤል ሸባክ ስንገናኝ ደስ ብሏት መጣች።

«ለአባዬ ድምፄን በካሴት ቀድቼ፣ ለፋሲካ አገር ቤት በምትገባው በዝናሽ ላክሁለት። ትናንት በረረች።»

«የት ሆነሽ ቀዳሽው?»

«ቴፑ ያለው፣ ያኒ ማለቴ፣ ስፌት ክፍል ነው። ማዳሜ መጋረጃዋን ትሰፋለች፣ እኔ አወራለሁ።»

«መኪናውስ ዝም አለልሽ?»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። በመኪና ድምፅ እንቅልፍ እየወሰዳት ያደገች ልጅ፣ ጆሮዋ ነገሬም አላለው።

«ኸላስ፣ አለቀልኝ» አለች።

«የጽሕፈት መኪና ይመስላቸዋል» አልኳት። እኔም አላመንኩት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ ደግሞስ ዕድሜውን ሙሉ የሰፋ ሰው በዚህ ይታለላል?

ዝናሽ ከፋሲካ በኋላ የአባቷን መልስ በካሴት ይዛ ተመለሰች። ተዋበች ብቻዬን አልሰማውም ስላለች ማዳም ኢቬትን አስፈቅጄ ስፌት ክፍሉ አብሬያት ተቀመጥኩ፤ ማዳሟ መኪናዋ ላይ መጋረጃ ትሰፋለች። አቶ ሞላልኝ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ጉልበታቸው አወሩ። ካሴቱ ሊያልቅ ሲል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ተዋቡ ልጄ፣ ቢሮ ነኝ ብለሽኛል፤ ይሁን። ዲግሪሽ ግድግዳው ላይ አለ፤ አቧራውን እኔ እጠርጋለሁ። ያ ከኋላሽ ያለው መኪና ግን ዘይት ጠምቶታል፣ አጠጪው። የሚረግጠውም ሰው እግሩ ደክሟል። አንቺ የኔ ልጅ አይደለሽም እንዴ? ተነሽና ተቀበይው።»

ተዋበች አለቀሰች፤ እኔም አላስቻለኝም። ከዚያ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ ማዳም ኢቬትን ክንዷን ይዛ ከወንበሩ አስነሳቻትና ዘይቱን መፈለግ ጀመረች።